ለጀማሪ ሞተረኛ፦ ከተማርናቸው ደንቦች መካከል በየቀኑ ሊለማመዷቸው የሚገቡት የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ ተለማማጅ ሞተረኛ

ሰላም ለሁላችሁም። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በትምህርት ላይ እገኛለሁ። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ጨርሼ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ከተሽከርካሪ ነጻ በሆነ ሜዳ ላይም ማርሽ መቀያየርን፣ ፍሪሲዮን አለቃቀቅንና በዝግታ መዞርን ስለማመድ ቆይቻለሁ። ቀጣዩ ደረጃ ከአሠልጣኝ ጋር ወደ ዋና መንገድ መውጣት ነው። ምልክቶቹን፣ የመንገድ መስመሮቹንና የቅድሚያ አሰጣጥ ደንቦቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ለምን እንደተደነገጉ በሚገባ ስላልተረዳሁ፣ ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥመኝ በትክክል እተገብራቸዋለሁ ብዬ ለመተማመን አልቻልኩም።

በተለይ ግራ ያጋቡኝን ጉዳዮች ልዘርዝር። ለብዙ ዓመታት ሞተር የነዱ ሰዎች የፊት ፍሬን ስለሚገለብጥ በኋላው ፍሬን ብቻ እንድቆም አጥብቀው ይመክሩኛል፤ የተማርኩበት መጽሐፍ ግን ሁለቱንም እንድጠቀም ያዛል። ቅድሚያ የእኔ በሆነበት መስቀለኛ መንገድ ሳልቆም ማለፍ መብቴ ከሆነ፣ አሠልጣኜ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ፍጥነት እንድቀንስ የሚወተውተኝ ለምን እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከፊቴ ካለው ተሽከርካሪ ሊኖረኝ የሚገባውን ርቀትስ በጉዞ ላይ እያለሁ በምን ልለካው እችላለሁ? ሄልሜት ስመርጥ ምን ማየት እንዳለብኝም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ልምዱ ያላችሁ ሰዎች ምክንያቱን ጭምር እያብራራችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሞተር አሠልጣኝ

ከፍሬን መጀመርዎ በጣም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የተነገረዎት ምክር በሰፊው የሚታመን ቢሆንም፣ በእኔ አመለካከት ለጀማሪ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ እጅግ አደገኛው እርሱ ነው።

ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ያጋድላል። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማ መሬቱን ይበልጥ ስለሚጫን መንገዱን የመቆንጠጥ አቅሙ ያድጋል፤ የኋላው ጎማ ግን እየቀለለ ስለሚሄድ ትንሽ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያርፍበት መሽከርከሩን ያቆምና ይንሸራተታል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከፊት ፍሬን የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬኑ ጠንክሮ በተያዘ ቁጥር ደግሞ የፊተኛው ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። በኋላ ፍሬን ብቻ ለመቆም የወሰነ ሰው እንግዲህ አብዛኛውን የማቆሚያ አቅሙን ሳይጠቀምበት ወደ አደጋው እየቀረበ ነው ማለት ነው።

የፊት ፍሬን ገለበጠኝ የሚሉ ሰዎች ሐሰት አይናገሩም፤ የገለበጣቸው ግን ፍሬኑ ራሱ ሳይሆን አያያዛቸው ነው። ክብደቱ ገና ወደ ፊት ሳይጫን እጀታውን በድንገት ጨምድደው ሲይዙት ጎማው መሬቱን በሚገባ ሳይቆነጥጥ ይታሰራል፤ የፊት ጎማ ከታሰረ ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ የሚቀረው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው። ትክክለኛው አያያዝ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ እጀታውን በለስላሳው ሳብ አድርገው የፊቱ ሞላ ዝቅ ማለቱ እስኪሰማዎት ድረስ ይጠብቁ፤ ይህ በጣም አጭር ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ኃይሉን ሳያቋርጡ እየጨመሩ ይሂዱ። የኋላውን ፍሬን ከዚሁ ጋር በቀላሉ ይጫኑት፤ የፊቱ እየጠነከረ ሲሄድ የኋላውን እያላሉ ይምጡ። የፊት ጎማ መታሰሩ ከተሰማዎት እጀታውን ወዲያውኑ ለቀቅ አድርገው እንደገና በለስላሳው ይያዙት። የኋላው ጎማ ታስሮ ወደ ጎን ከወጣ ግን በድንገት አይልቀቁት፤ ጎማው መሬቱን በቅጽበት መልሶ ሲቆነጥጥ ሞተሩ ነጂውን ወደ ላይ አሽቀንጥሮ ሊጥለው ስለሚችል፣ ዓይንዎን ወደ ፊት አቅንተው እስኪቆም ድረስ እንደያዙት ይቆዩ።

ቁጥሮቹ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በ1 ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አደጋውን አይቶ እጅን ወደ ፍሬን ለማድረስ 1 ሰከንድ ቢፈጅብዎት፣ ፍሬኑ ሥራውን ሳይጀምር እነዚያ 14 ሜትሮች አልፈዋል ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች በጥሩ ሁኔታ የተጠቀመ ሰው ከዚያ በኋላ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲያድግ በ1 ሰከንድ የሚታለፈው ርቀት እጥፍ ሆኖ 28 ሜትር ይሆናል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 56 ሜትር ይደርሳል። በድምሩ ከ28 ሜትር ወደ 84 ሜትር መሄዱ ነው። የፍጥነት ወሰንን የሚደነግጉ ምልክቶች ከቅጣት በላይ ትርጉም እንዳላቸው ለተማሪዎቼ የማስረዳው በዚህ ስሌት ነው።

ስለ ልምምዱ፦ ደረቅ፣ ቀጥ ያለና ባዶ ሜዳ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምሩ፤ አያያዙ ሲዋሐድዎት ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 40 ያሳድጉት። ሲቆሙ ፍሪሲዮኑን ይያዙ፤ ማርሹንም ወደ አንደኛ ያውርዱ፤ ከኋላ የሚመጣ ተሽከርካሪ ካለ ወዲያው ለመነሳት ዝግጁ መሆን ስለሚያስፈልግ ነው። ኩርባ ላይ አዘንብለው ሳሉ አስቸኳይ ፍሬን ካስፈለገ ደግሞ በተቻለ መጠን ሞተሩን አስቀድመው ቀጥ ያድርጉት፤ ያዘነበለ ጎማ አቅሙን በከፊል ለመዞር እያዋለው ስለሆነ ለፍሬን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሞተርዎ ኤ.ቢ.ኤስ. ካለው ጎማው እንዳይታሰር ስለሚከላከል ትልቅ ዋስትና ነው፤ ሆኖም በልል ጠጠር ላይ ርቀቱን አያሳጥርም፤ በኩርባም ላይ ሁሉንም ስሕተት አያርምም።

መልስ፦ ነባር ነጂ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። አሠልጣኝዎ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ፍጥነት እንዲቀንሱ ማሳሰባቸው ከፍርሃት የመጣ አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሌላኛው አሽከርካሪ ነበር፤ ዋናው ምክንያትም ሞተረኛውን ፈጽሞ አለማየቱ ወይም በጣም ዘግይቶ ማየቱ ነው። ጥናቱ በአንድ አካባቢ የተካሄደና የቆየ ቢሆንም፣ ይህ የአደጋ ዓይነት መኪናና ሞተር አንድ መንገድ በሚጋሩበት ቦታ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ከላይ ስለ ፍሬን የተሰጠውን ማብራሪያም ያጠናክራል፤ ብዙዎቹ ተጎጂዎች የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ሲንሸራተቱ የፊቱን እምብዛም እንዳልተጠቀሙበት ተመዝግቧል።

መኪና የሚነዳ ሰው ሞተረኛን የማያየው ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። ሞተር ከፊት ሲታይ ጠባብ ስለሆነ በመኪናው የፊት መስታወት ዳርና ዳር ካሉት ምሰሶዎች ከአንዱ ኋላ ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። ዓይንም ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው በፍጥነት ሲዘዋወር በመካከል ያለውን በሚገባ አይመዘግብም። ከዚህ የሚከፋው ግን አሽከርካሪው ሞተሩን አይቶም መሳሳቱ ነው። የሰው አእምሮ ትንሽ ነገርን ሩቅ አድርጎ ስለሚገምት፣ እኩል ርቀት ላይ እኩል ፍጥነት ይዘው ከሚመጡ መኪናና ሞተር መካከል ሞተሩ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስለዋል። ስለዚህ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናልና አይቶኛል ብለው አይደምድሙ። ከሰውየው ዓይን ይልቅ የመኪናውን የፊት ጎማ ይመልከቱ፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር አስቀድሞ የሚያስታውቀው የጎማው መዞር ነው።

በተግባር ወደ መገናኛ ሲቃረቡ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ያድርጉ፤ ጣቶችዎን በፊት ፍሬን እጀታ ላይ፣ እግርዎንም በኋላው ፍሬን ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉ። ይህ ብቻውን እጅዎ ፍሬን ፍለጋ የሚያባክነውን ጊዜ ይቆጥባል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ መቆጠብ 7 ሜትር መቆጠብ ነው። ከትልቅ መኪና ወይም ከአውቶቡስ ጎን ተጠግተው ወደ መገናኛ አይግቡ፤ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚታጠፈው ሰው የሚያየው አውቶቡሱን ብቻ ስለሆነ፣ አውቶቡሱ እንዳለፈ መንገዱ ነጻ የሆነ ይመስለዋል። የፊት መብራትዎ በቀንም ይብራ። ስለ ፍሬቻም አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ፦ የአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሬቻ እንደ መኪና ከታጠፉ በኋላ በራሱ አይጠፋም። የተረሳ ፍሬቻ ከጎን መንገድ ለሚጠብቀው አሽከርካሪ ሊታጠፉ ነው የሚል የተሳሳተ መልእክት ስለሚሰጥ፣ እርሱም ደንቡን ያከበረ መስሎት በፊትዎ ይገባል። ከእያንዳንዱ መታጠፍ በኋላ ፍሬቻውን ማጥፋት ከማርሽ ቅየራ እኩል ልማድ ሊሆንዎ ይገባል።

ስለ መብት ጠይቀዋል። የቅድሚያ ደንብ ማን መጠበቅ እንዳለበት ይወስናል፤ የተጠበቀው ሰው ግን ዙሪያውን የመቃኘት ግዴታው አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ማንኛውም የመንገድ ተጠቃሚ ሌሎችን ለአደጋ ከሚያጋልጥ አድራጎት እንዲቆጠብ ያዛል። በዚሁ ስምምነት ውስጥ የትእዛዞች ቅደም ተከተልም አለ፤ የትራፊክ ፖሊስ ምልክት ከመብራቱም ከተተከለው ምልክትም ይቀድማል፤ የትራፊክ መብራት ደግሞ ቅድሚያን ከሚወስኑ ምልክቶች ይቀድማል። የቁም ምልክት ስምንት ማዕዘን፣ የቅድሚያ ስጥ ምልክትም የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርጻቸው ከሌሎቹ ምልክቶች ፈጽሞ ስለሚለይ ጽሑፉ በጭቃ ቢሸፈን ወይም ከጀርባ ቢታይ እንኳ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣው ሰው የመቆም ግዴታ እንዳለበት ከምልክቱ ጀርባ ማንበብ ይችላሉ።

መልስ፦ ጥንቁቅ መንገደኛ

ለርቀቱ ጥያቄ አጭር መልስ አለኝ። ርቀትን በሜትር ለመገመት አይሞክሩ፤ በጊዜ ይለኩት። ከፊትዎ ያለው ተሽከርካሪ አንድን የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ፣ ሲያልፍ አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት ብለው በዝግታ ይቁጠሩ። ቆጥረው ሳይጨርሱ ያን ምሰሶ ካለፉት በጣም ቀርበዋል። ይህ የ2 ሰከንድ ልክ ለደረቅ መንገድ ዝቅተኛው ነው፤ በዝናብ ወደ 4 ሰከንድ ያሳድጉት። ድካምም ሆነ አልኮል ይህን ስሌት ያፈርሰዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጀማሪ አሽከርካሪዎች የሚመክረው የአልኮል ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.02 ግራም ሲሆን፣ ለሌሎች አሽከርካሪዎች ከሚመክረው 0.05 ግራም ከግማሽ ያነሰ ነው። ለሞተረኛ ግን ፈጽሞ አለመቅመስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ ሌላ ጀማሪ ሰው በተቻለው መጠን የመንገዱን ዳር ይዞ ቢጓዝና መኪኖቹን ቢያሳልፍ ከአደጋ ይርቃል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ የሞተር አሠልጣኝ

የ2 ሰከንዱን ልክ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ለሞተረኛ ከመኪና ነጂ ይልቅ የሚያስፈልግበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። መኪና ጉድጓድን ወይም የወደቀ ድንጋይን በጎማዎቹ መካከል አሳልፎ ሊሄድ ይችላል፤ በቅርብ የሚከተለው ሞተረኛ ግን ጉድጓዱን የሚያየው ከመኪናው ሥር ሲወጣ፣ ማለትም ሊገባበት ሲል ነው። ከኋላዎ የተጠጋ መኪና ካለም ከፊትዎ ያለውን ክፍተት ይበልጥ ያስፉት፤ ፍሬንዎን ቀስ ብለው ለመያዝ ጊዜ ስለሚሰጥዎት የኋለኛውም ሰው ለመቆም ጊዜ ያገኛል።

መንገድ ዳር ስለመያዝ በተሰጠው ሐሳብ ላይ ግን፣ ለጸሐፊው ካለኝ አክብሮት ጋር፣ እለያለሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለዝግተኞች የተመደበውን ረድፍ መያዙ በብዙ አገሮች ሕግ የተደነገገ ነው፤ ይህን አልቃወምም። በረድፉ ውስጥ ግን የመጨረሻውን ጠርዝ መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠጠርና አሸዋ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ የቆሙ መኪኖች በር የሚከፈተውና እግረኛ ሳይታሰብ ከእግረኛ መንገድ የሚወርደው ወደዚያው ነው። ከጎን መንገድ የሚወጣ አሽከርካሪም አጥርና የቆመ መኪና ስለሚጋርደው ጠርዝ የያዘውን ሞተር የሚያየው ዘግይቶ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጠርዙን ሲለቁለት የኋለኛው መኪና በዚያው ረድፍ ውስጥ ተጋፍቶ ለመቅደም ይደፍራል፤ እርስዎም የሚሸሹበት ቦታ አይኖርዎትም። ስለዚህ ረድፉን የራስዎ አድርገው ይያዙት፤ እንደ ሁኔታው ከመሐሉ ወደ አንዱ ወገን ፈቀቅ ይበሉ። መኪና ከቀኝ ሊወጣ የሚችል ከሆነ ወደ ግራ፣ ከፊት ትልቅ መኪና የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከመሐል መስመሩ ራቅ ይበሉ። ቦታ ከመቀየርዎ በፊት መስታወቱን አይተው፣ መስታወቱ የማያሳየውን ክፍል ደግሞ ራስዎን ወደ ትከሻዎ ዞር አድርገው ይመልከቱ።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ስለ ሄልሜት የተነሳውን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው እኔ ልሞክር፤ በሥራዬ ምክንያት ጉዳዩን ከሌላው ወገን ስለማየው በጣም ያሳስበኛል። ሄልሜት ለሞተረኛ ግዴታ የመሆኑ ታሪክ ከሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። የእንግሊዙ መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1935 በሞተር አደጋ ሕይወቱ ሲያልፍ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ፣ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ቅል ጉዳት በሰፊው አጥንተው ውጤቱን በ1941 አሳተሙ፤ የብሪታንያ ጦርም በዚያው ዓመት መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱትን በርካታ ጥናቶች አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል።

ሄልሜት የሚያድነው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ከጠንካራው ቅርፊት ሥር ያለው ፎም ሲመታ እየተጨፈለቀ ራስ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝማል፤ አንጎል የሚጎዳው በድንገት በመቆሙ ስለሆነ እነዚያ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ትልቅ ልዩነት ያመጣሉ። የተጨፈለቀ ፎም ግን ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። በመሆኑም አንድ ጊዜ አደጋ ያየ ሄልሜት፣ ከውጭ ጭረት ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ ሥራውን ጨርሷል። ያገለገለና ታሪኩ የማይታወቅ ሄልሜት እንዳይገዙ የምመክረው ለዚህ ነው።

ሲመርጡ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22ን ወይም በአገርዎ ተቀባይነት ያለውን ሌላ ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳየውን ምልክት ይፈልጉ፤ በደንብ ቁጥር 22 መሠረት የተፈተነው በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር በማሰሪያው ላይ ተሰፍቶበት ይገኛል። ከዚያ አጥልቀው ማሰሪያውን ይሰሩት፤ ራስዎን ሲነቀንቁ ሄልሜቱ ለብቻው መዞር የለበትም፤ ጉንጭዎን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ከኋላ በኩል ከሥሩ ይዘው ወደ ፊት ለማውለቅ ይሞክሩ፤ ከወለቀ ልኩ የእርስዎ አይደለም። አገጭን የሚሸፍነው ዓይነት ይሻላል፤ ፊትና መንጋጋ በአደጋ ጊዜ በብዛት ከሚመቱት ክፍሎች ናቸውና። ያልታሰረ ሄልሜት ከመጀመሪያው ምት በፊት ሊወልቅ ስለሚችል ለአጭር ርቀትም ቢሆን ማሰሪያውን አይተዉት። የፊቱ መስታወት ከተጫጫረ በሌሊት የሚመጣብዎትን መብራት ስለሚበትነው ይቀይሩት፤ ጠቆር ያለውንም ለቀን ብቻ ያድርጉት።

እባክዎ ጓንትንም አይናቁት። የወደቀ ሰው ሳያስበው እጁን ስለሚዘረጋ መዳፍ በአስፋልት ይላጣል፤ የመዳፍ ቆዳ ጉዳት ደግሞ ለመዳን ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ወፍራም ጃኬት ለእያንዳንዱ ጉዞ ያስፈልጋሉ፤ ሙቀቱ ቢያስቸግርም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ተለማማጅ ሞተረኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ፍሬቻው የተባለውን በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም ነበር፤ የፍሬኑንም ልምምድ ከአሠልጣኜ ጋር በተባለው ቅደም ተከተል እጀምራለሁ። ሁለት ነገሮችን ልጨምር። በዝናብና በጠጠር መንገድ ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው? ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላስ ሰው ከኋላዬ ለማፈናጠጥ መቼ ብቁ እሆናለሁ?

መልስ፦ ነባር ነጂ

ስለ ዝናቡ እኔ ልመልስ። እያንዳንዱ የሞተር ጎማ መንገዱን የሚነካው የመዳፍ ያህል በሆነ ስፋት ብቻ መሆኑን ካሰቡ፣ በዚያ ስፋት ሥር ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠጠር ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እጅግ የሚያንሸራትተው ጊዜ ዝናብ መጣል የጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው፤ በደረቅ ወቅት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን ይሸፍነዋልና። የሚቻል ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ተጠልለው ይጠብቁ። የተቀቡ መስመሮች፣ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለምና የጉድጓድ የብረት ክዳኖች ሲርሱ ከአስፋልቱ ይልቅ ስለሚያንሸራትቱ በእነርሱ ላይ ፍሬን አይያዙ፤ አያዘንብሉም። ሐዲድ ሲያቋርጡ ጎማው በሐዲዱ ክፍተት እንዳይያዝ በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው ይሻገሩ።

በዝናብም የፊት ፍሬን አይተውም፤ ይበልጥ በለስላሳው ይያዛል እንጂ። በልል ጠጠርና በአሸዋ ላይ ግን የፊቱን በጣም ቀለል አድርገው ድርሻውን ወደ ኋላው ያዛውሩ፤ ፍጥነትዎን ጠጠሩ ላይ ሳይደርሱ በአስፋልቱ ላይ ይጨርሱ። መሪውን ጨምድደው አይያዙ፤ የፊት ጎማ በጠጠር ላይ ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ስለሆነ መንገዱን ራሱ እንዲፈልግ ይተዉት። ዓይንዎም ሊሄዱበት ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ይሁን። ነጂ አተኩሮ ወደሚያየው ነገር ሞተሩን ሳያውቀው ስለሚመራው፣ ጉድጓድ ላይ ያፈጠጠ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ የሞተር አሠልጣኝ

ስለ ማፈናጠጥ በመጀመሪያ የአገርዎን ሕግ ይመልከቱ፤ በብዙ አገሮች ተለማማጅ ሰው ማፈናጠጥ አይፈቀድለትም። ሕጉ ከፈቀደም በኋላ ቢያንስ አስቸኳይ ፍሬን፣ በጣም ዝግ ያለ ጉዞና በዳገት ላይ መነሳት ያለ ሐሳብ የሚከናወኑልዎት እስኪሆኑ ድረስ እንዲቆዩ እመክራለሁ። በተጨማሪም ሞተር በቀየሩ ቁጥር ራስዎን እንደ ጀማሪ ይቁጠሩ፤ ከላይ የተጠቀሰው የ1981 ጥናት፣ ከተጎጂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ የደረሰበትን ሞተር የነዱት ከ5 ወር ላነሰ ጊዜ እንደነበር አሳይቷል፤ በአጠቃላይ የነበራቸው የመንዳት ልምድ ግን ወደ 3 ዓመት የሚጠጋ ነበር።

የሚፈናጠጠው ሰው ከመነሳትዎ በፊት መረዳት ያለበትን ይንገሩት። ሄልሜቱ እንደ እርስዎ ሄልሜት ልክ የሆነና የታሰረ ይሁን፤ እግሩ የእግር መርገጫው ላይ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ለመፈናጠጥ ገና ነው። በኩርባ ላይ ከእርስዎ ጋር እንዲያዘነብል፣ ሲቆሙም እግሩን ወደ መሬት እንዳያወርድ ይንገሩት። ክብደቱ ሲጨምር የሚያስፈልግዎት የመቆሚያ ርቀት ሊረዝም ስለሚችል፣ ለመቅደም የሚያስፈልገው ርቀትም በእርግጥ ስለሚያድግ፣ ብቻዎን ሆነው በድፍረት የሚገቡበትን ክፍተት ይተዉት። የጎማ አየር ለሁለት ሰው ስንት መሆን እንዳለበት በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት ነው። የኋላውን ሞላም በመመሪያው መሠረት ያጠንክሩት፤ አለበለዚያ ኋላው ዝቅ ሲል የፊት መብራቱ ወደ ላይ ስለሚያነጣጥር በሌሊት ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጨልማል፤ የእርስዎንም መንገድ በሚገባ አያሳይዎትም።